ለማይቸኩል ሰው የሚሆን ሽቦ

ሰው ሲቀና ማሰብ ያቆማል የሚሉት ውሸት ነው። ዶክተር ፓኮርን ሲቀና ነው አጥብቆ ማሰብ የጀመረው፤ ክፋቱ፣ ያሰበው ነገር ሁሉ ስህተት ነበር።

ነገሩ የተበላሸው በደቡብ ታይላንድ ያለችው ሐት ያይ ከተማ ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ ሲወርድባት በዋለ አንድ ቅዳሜ ነው። ወይዘሮ ሱዋኒ ጃንጥላቸውን እያራገፉ የፓኮርንን የጥርስ ክሊኒክ ደረጃ ወጡ። ከገበያው ማዕዘን ላይ ያለው ትልቁ ወርቅ ቤት የሳቸው ነው። ልጃቸው ዋሪሳ ከዓምና ጀምሮ ጥርሷን በፓኮርን እጅ ታሳስራለች፤ ያን ቀን ግን ልጅቷ አልነበረችም። እናቲቱ የመጡት ብቻቸውን፣ ወፍ በምራቋ ከምትሠራው ጎጆ የሚዘጋጅ ውድ መጠጥ በቀይ ሪባን በታሰረ ካርቶን ይዘው ነው።

«ከልጄ እጮኛ ከክሪት ቤተሰብ ፋብሪካ ነው፤ ለጤና ጥሩ ነው» አሉና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ዶክተር፣ ጊዜዎን አልፈጅም። የልጄ ጥርስ መቼ ነው የሚያልቀው?»

«እየሄደ ነው፣ ወይዘሮ ሱዋኒ። ትንሽ ዘገየ እንጂ...»

«ትንሽ? የጎረቤታችን ልጅ ከሷ በኋላ ጀምራ፣ ይኸው ፈትታ እየሳቀች ትዞራለች። ሰርጉ እኮ የሚጠብቀው እሱን ነው። የክሪት እናት ቁርጡን ነግረውኛል። የሙሽሮቹ ፎቶ አዳራሹ በር ላይ በሰው ቁመት ይቆማል፤ የምራቴ አፍ ውስጥ ሽቦ እንዲታይ አልፈልግም አሉ። ልክ ናቸው።»

«ሽቦው እንኳ የጥርስ ቀለም ስላለው ብዙም አይታይም።»

«አይታይም፤ አያልቅምም!» አሉ ወይዘሮዋ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ማታ ማታ በሯን ዘግታ ታለቅሳለች። እናት ነኝ፣ ይሰማኛል። የታጨች ልጅ በጥርስ የተነሳ ስትጉላላ ምን ታድርግ?»

ወይዘሮ ሱዋኒ ለመሄድ ተነሱና፣ በሩ ጋ ሲደርሱ አንድ ነገር እንዳስታወሰ ሰው ዘወር አሉ።

«አባትዎ የናታዊ ገጠር ሰው ናቸው አይደል? ድሮ ለአባቴ የጎማ ዛፍ ወተት ይቀዱ ነበር። ጨዋ ሰው ነበሩ። ልካቸውን ያውቁ ነበር።»

ደረጃውን ሲወርዱ የጫማቸው ኮቴ ለረጅም ጊዜ ይሰማ ነበር። የክሊኒኩ ረዳት ፒ ኖይ፣ ፓኮርንን በዕድሜ ስለምትበልጠው ሁሉን ነገር ለመናገር መብት አለኝ የምትል ሴት፣ ካርቶኑን አንስታ አገላበጠችው።

«ሀብታም የወፍ ምራቅ ሲጠጣ ጤና ነው፤ እኛ ምራቃችንን ስንውጥ ጥማት ነው» አለች። «ዶክተር፣ ምነው ፊትዎ እንዲህ ሆነ?»

«ምንም» አለ። ውስጡ ግን አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚመላለሰው፤ ታለቅሳለች። ከእኔ ወንበር ተነስታ ወደሱ ለመሄድ ቸኩላ ታለቅሳለች።

እዚህ ላይ ስለዚያ ሽቦ መናገር ያስፈልጋል። ፓኮርን ልዩ ሙያውን ሲማር ወጣትነቱን የጨረሰው በሰበቃ ነው። ሽቦው በየጥርሱ ላይ በሚለጠፉት ትንንሽ መያዣዎች ውስጥ ሲንሸራተት ምን ያህል እንደሚፈተግ ለማወቅ፣ ከመጎተቻ መሣሪያ ፊት ተቀምጦ ሽቦ ሲያስጎትት ይውል ነበር። ራቁቱን የሆነው የብረት ሽቦ ይንሸራተታል። ነጩ፣ የጥርስ ቀለም የተቀባው ግን ያምራል እንጂ አይታመንም። ቀለሙ በመያዣው ጠርዝ ይፋቃል፣ ይጠቀለላል፣ ይይዛል፤ ጥርሱም ባለበት ተገትሮ ይቀራል። ይህን የሚያውቅ ሰው ነው ዋሪሳን የመጀመሪያ ቀን ያስጠነቀቃት።

ሁለቱንም ሽቦ እያሳያት «የተነቀለው ጥርስሽ ክፍተት እንዲዘጋ ክራንቻሽ በሽቦው ላይ ወደ ኋላ መንሸራተት አለበት» ብሏት ነበር። «ይሄ ነጩ ይይዘዋል። ለሚቸኩል ሰው አይሆንም።»

«ለማይቸኩል ሰውስ?»

«ለማይቸኩል ሰውማ ምን ችግር አለው።»

«እንግዲያው ነጩን» አለችው፣ አፏን በእጇ ሸፍና እየሳቀች። ሰርጉ መቼ እንደሆነ ፒ ኖይ ስትጠይቃትም «ጥርሴ ሲያልቅ» ብላ መለሰች።

ይህን ሁሉ በገዛ ጆሮው ሰምቷል። የወሰደው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጅቷ ለእጮኛዋ ማማር ትፈልጋለች። የወርቅ ቤት ልጅ ምን ሌላ ትፈልጋለች?

ከዚያ ወዲህ በየወሩ መጣች። ሽቦውን የሚያስሩት የላስቲክ ቀለበቶች በየቀጠሮው ይቀየራሉ፤ የከተማው ልጃገረዶች ሁሉ የቀለሙን ናሙና ይዘው እንደ ልብስ ሲያማርጡ ይቆያሉ። ዋሪሳ ግን አንድም ቀን መርጣ አታውቅም። «እርስዎ ይምረጡልኝ» ትለዋለች። እሱም አንዴ ቀይ፣ አንዴ ሐምራዊ፣ አንዴ ደግሞ የጥሬ ማንጎ አረንጓዴ ይመርጥላታል፤ እሷም ያንን አስራ ወርቅ ቤት ትቀመጣለች። ከማስኩ በላይ ዓይኑን ታያለች። እሱም ያያል። አፏን መክፈት ባለባት ጊዜ ሁሉ ትንሽ ትዘገያለች፤ እሱም አያጣድፋትም። እንዲህ ሆኖ ነበር ወራቱ ያለፈው፣ ሁለቱም ምንም ሳይሉ፣ ግን ምንም ሳያጡ። አሁን ግን ያ ሁሉ ደስታ ለፓኮርን ውርደት ሆኖ ታየው።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ዋሪሳ እንደልማዷ በቀይ ሽንኩርት ጥብስ የተሸፈነ የዶሮ ጥብስ በፌስታል ይዛ መጣች።

«ትኩስ ነው፤ ሳይቀዘቅዝ ይብሉት» አለች።

«በልቻለሁ» አለ ፓኮርን። እጁን መታጠቡን ቀጠለ። «ወይዘሪት ዋሪሳ፣ ይቀመጡ። ዛሬ ሽቦውን እንቀይራለን።»

ልጅቷ ቆም አለች። ከስንት ወር በኋላ አንቺ ማለቱን ትቶ እርስዎ ሲላት፣ በር ፊቷ ላይ የተዘጋባት ያህል ሆነባት፤ ይህንንም ፓኮርን አየው፣ ደስም አለው።

«ነጩስ?»

«ነጩ አብቅቷል። ብረቱን እናስገባለን። ድድዎ ላይም፣ አጥንቱ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ብሎን እናደርጋለን፤ ከሱ ላይ እንጎትታለን። ቶሎ ይዘጋል።»

«አልቸኩልም ብዬዎት ነበር እኮ።»

«እርስዎ ባይቸኩሉም የሚቸኩሉልዎ አሉ። እጮኛን ማስጠበቅ ነውር ነው።»

ፊቷ ዳመነ። «እማ መጥታ ነበር? ዶክተር፣ ምን አለችዎት? ቆይ እኔ...»

«አፍዎን ይክፈቱ።»

የጥርስ ሐኪም ከሌላው ሰው የሚበልጥበት አንድ ሥልጣን አለው፤ የሚናገረውን ሰው አፍ አስከፍቶ ዝም ማሰኘት ይችላል። ፓኮርን ያን ሥልጣኑን ተጠቀመበት። ማደንዘዣውን ወጋት። ከመጠን አላለፈም፣ ሙያውንም አላረከሰም፤ ማንም ሐኪም ቢመረምረው ስህተት አያገኝበትም። ግን ለማንኛውም ታካሚ የሚያደርገውን አላደረገላትም። «አሁን ትንሽ ይጫንሻል» አላላትም። ግንባሯ ላይ እጁን አላሳረፈም። እረፍት አልሰጣትም። ብሎኑ ሲገባ ዓይኗን አልጨፈነችም፤ ሲሠራ ሁሉ ዓይኑን እያየች አንድ ነገር ትጠብቅ ነበር። ከዓይኗ ጠርዝ እንባ ወርዶ ወደ ጆሮዋ ሲሄድ ፓኮርን በፋሻ ጠረገውና ብሎኑን ማጥበቁን ቀጠለ።

ሲጨርስ የላስቲክ ናሙናውን ፒ ኖይ አቀረበችላት።

«እርስዎ ይምረጡልኝ» አለች ዋሪሳ፣ በደነዘዘ ከንፈሯ እየተንተባተበች።

«ቀለም የሌለውን» አለ ፓኮርን ለፒ ኖይ።

ዋሪሳ ከሄደች በኋላ የዶሮ ጥብሱ በፌስታሉ ውስጥ ቀዘቀዘ። ፓኮርን በልቡ «እሰይ» አለ። ለምን እንደሆነ ሳይገባው ግን ምሳውን መብላት አቃተው።

ብረቱ ሥራውን ሠራ። ያ ስንት ወር አልነቃነቅ ያለው ክራንቻ፣ ይዞት የነበረው ሰበቃ ሲቀርለት እንደ ታዛዥ ልጅ ወደ ኋላው ሄደ። ክፍተቱ በየቀጠሮው ጠበበ። ዋሪሳ የዶሮ ጥብስ ማምጣቷን ተወች። ከሰላምታ በቀር መናገርም ተወች። ትመጣለች፣ ትተኛለች፣ ትከፍታለች፣ ትሄዳለች። ፓኮርን በመስታወቱ ክፍተቱን ባየ ቁጥር እያዘነም ቢሆን ያጠብቅ ነበር።

«ዶክተር» አለችው አንድ ቀን ፒ ኖይ፣ ዕቃ እያጠበች። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ አይቆጡኝም?»

«ብቆጣስ ትተዪኛለሽ?»

«አልተውም። ለማማር ብላ ነጭ ሽቦ ያስገባች ሴት፣ በላዩ ላይ አረንጓዴ ላስቲክ ታስራለች? እርስዎ የመረጡትን ቀለም ሁሉ?»

«ዕቃውን እጠቢ፣ ፒ ኖይ።»

«እያጠብኩ ነው። የሚታጠብ ዓይን ቢሆን የእርስዎንም አጥብልዎት ነበር።»

ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜ ይነቃ ነበር። እሱ ግን የተሰደበ መስሎት አኮረፈ። የተማረ ሰው ሲያኮርፍ ከሁሉ ይብሳል፤ ምክንያት አያጣምና።

ከዚያ በኋላ ነው ክሪት የመጣው። ዋሪሳን ለመውሰድ ከፑኬት ደሴት በመኪናው መጥቶ፣ ሥራው ሳያልቅ ወደ ውስጥ ዘለቀ። ቀላል፣ ሳቂታ፣ ስልኩን ከእጁ የማያወርድ ልጅ ነው፤ በማንም ላይ ክፋት የለውም፣ ስለማንም ብዙ አያስብም። ዋሪሳ አፏ ተከፍቶ ወንበሩ ላይ ተንጋላለች።

«እንዴት ነው፣ ዶክተር? ደረሰልን?»

ፓኮርን ቀና ሳይል መለሰ። «አይዞህ፣ ዕቃው አልቋል ማለት ይቻላል። በቅርቡ ተረክበህ ትሄዳለህ።»

ክሪት ሳቀ። «ዋስትናስ አለው?»

«በደንብ ከያዝከው አይበላሽም።»

ሁለቱ ወንዶች በልጅቷ በላይ ሆነው ሳቁ። ፒ ኖይ አልሳቀችም። ዋሪሳ ዓይኗን ክሪት ላይ ሳታሳርፍ ወደ ፓኮርን አዞረች። ንዴት ቢያይባት ይገባው ነበር። የታየው ግን አንድ የምትወደው ሰው እንደሞተ የተነገራት ሴት ዓይን ነው፤ ሐዘኑ ገና ሳይመጣ፣ ወሬው ብቻ የገባበት። ፓኮርን ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራ።

ከዚያ የመፍቻው ቀን መጣ። የሰርጉ ጥሪ ለከተማው ሁሉ ደርሷል። ወይዘሮ ሱዋኒ ታች መጠበቂያው ላይ ተቀምጠው በስልክ አበባ ያዛሉ፤ ድምፃቸው እስከ ላይ ይሰማል። ፓኮርን ጓንቱን አደረገና ፒንሳውን አነሳ። መያዣዎቹን አንድ በአንድ ጨመቀ፤ እየተሰነጠቁ ወለቁ። ብሎኑን ፈታ። ሙጫውን አጠበ፣ አለሰለሰ። ከዚያ ወንበሩን ቀና አደረገላትና መስታወት ሰጣት።

ጥርሷ ሙሉ ሆኖ ነበር። ክፍተት የሚባል ነገር የለም። ዋሪሳ መስታወቱን ለረጅም ጊዜ አየች። ምላሷን ክፍተቱ በነበረበት ቦታ ላይ አሳለፈች።

«ፒ ኖይ፣ ትንሽ ውጪልን» አለች።

ፒ ኖይ ፓኮርንን አላስፈቀደችም፤ ወጣችና በሩን ዘጋችው።

«እንኳን ደስ ያለዎት» አለ ፓኮርን፣ ጓንቱን እያወለቀ። «የፈለጉት ሆነ።»

«ማነው የፈለገው?»

«እንዴት?»

«ማነው የፈለገው ነው የምልህ!» እርስዎ ማለቷ ቀረ። «የመጀመሪያ ቀን ምን አልከኝ? ይሄ ነጩ ይይዘዋል፣ ለሚቸኩል ሰው አይሆንም አላልከኝም? እኔስ ምን አልኩህ?»

«ነጩን አልሽኝ። ለማማር...»

«ለማማር! ለማማር ብዬ ነው ያንን የጥሬ ማንጎ አረንጓዴ አስሬ ወርቅ ቤት ደንበኛ ፊት የምቀመጠው? እማ ስትሰድበኝ፣ ሰው ሲስቅብኝ? አንተ የመረጥከው ስለሆነ ነው ያላወለቅኩት። ለማን ነው የማምረው? ለክሪት? ክሪት እኮ አፌን አይቶት አያውቅም፤ ስልኩን ነው የሚያየው።»

ፓኮርን ቁጭ ለማለት ፈለገ፤ የሚቀመጥበት አጣ። «እናትሽ ማታ ማታ ታለቅሳለች አሉኝ።»

«አልዋሸችህም፤ አለቅስ ነበር።» መስታወቱን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። «ሰርጌ ጥርሴ ሲያልቅ ነው ብዬ እዚሁ ክፍል ውስጥ ተናገርኩ። ጥርሴን የማያስጨርሰውን ሽቦ ደግሞ እዚሁ መረጥኩ። መጀመሪያ ሰርጉን ለማስቆየት ነበር፤ በኋላ ግን አንተን ለማየት ሆነ። ሽቦው ያዘልኝ፣ ጥርሱ አልሄደልኝም፣ እኔም በየወሩ ደስ እያለኝ መጣሁ። የማወራህ በሱ ነበር። ከዚህ በላይ የሰው እጮኛ ምን ትበል? የአንተንስ ምላስ ማን ያዘው? ለምን ታለቅሻለሽ ብለህ አንድ ቀን ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?»

«ዋሪሳ...»

«የላስቲክ ቀለም ብቻ ስትመርጥ ኖርክ።»

ታች ወይዘሮ ሱዋኒ ስለ ኦርኪድ ይከራከራሉ። ፓኮርን የተማረው ሁሉ፣ የቀናበት ሁሉ፣ የናቀው ሁሉ ከላዩ ላይ ወርዶ ባዶውን ቆመ።

«አልረፈደም። እመልሰዋለሁ። ነጩን መልሼ አስገባዋለሁ፤ ገና ጥርሱ አልጠናም፣ ክፍተቱም ይከፈታል። ለእናትሽ አላለቀም እላቸዋለሁ። ስህተት ሠራሁ እላለሁ። ከዚያ ናታዊ ሄጄ አባቴን ይዤ እመጣለሁ፣ ቤታችሁ ድረስ...»

ዋሪሳ ሳቀች። በአዲሱ ጥርሷ የሳቀችው የመጀመሪያ ሳቅ ይኸው ነው፤ ሳቁ ግን ወዲያው ወደ ሌላ ነገር ተለወጠና ከንፈሯን ነከሰች።

«ይህን ያኔ ብትለኝ በባዶ እግሬ እከተልህ ነበር» አለች። «የአባትህ ጎማ ዛፍ ስር እኖር ነበር። እማ ብትረግመኝ፣ ወርቅ ቤቱ ቢዘጋብኝ፣ ግድ አልነበረኝም።»

«አሁንስ?»

«አሁን አውቄሃለሁ።» ቀስ ብላ ከወንበሩ ወረደች። «ብሎኑን ያስገባህ ቀን ዓይንህን ሳይ ነበር። አመመኝ። እንዳመመኝም አይተሃል። እንባዬን በፋሻ ጠረግክና ቀጠልክ። እየወደድከኝ ነው ያን ያደረግከው፤ አይደለም? አትዋሸኝ።»

«እየወደድኩሽ ነው።»

«እንግዲህ የሚያስፈራኝ እሱ ነው። አንዱ ቢያናድድህ፣ እኔን ሳትጠይቀኝ እንዲህ ካደረግከኝ፣ ሚስትህ ስሆን ምን ታደርገኛለህ? ዕድሜዬን በሙሉ ፊትህን እያየሁ ዛሬስ ምን መሰለው እያልኩ ልኑር? ክሪት አይወደኝም፤ አውቃለሁ። ግን እያየኝ አያሳምመኝም። ዕቃ ብለህ ስትጠራኝ እሱ የሳቀው ሳያስብ ነው። አንተ ግን አስበህ ነው የተናገርከው።»

ፓኮርን ተንበረከከ። የትም አገር ቢሆን ሰው ሲቸግረው የሚያደርገው ነው፤ የወለቁት መያዣዎች ግን ወለሉ ላይ እንደተበተኑ ነበርና ጉልበቱን ወጉት። አላወቀውም።

«ይቅር በይኝ።»

«ይቅር ብዬሃለሁ» አለች ዋሪሳ። «ይቅር ማለት አይደለም ያቃተኝ። መልሼ ማመን ነው።»

በሩ ተንኳኳና ሳይፈቀድ ተከፈተ። ወይዘሮ ሱዋኒ ነበሩ። ሐኪሙን መሬት ላይ ሲያዩ የወደቀ ዕቃ የሚለቅም መሰላቸው፤ ሌላ ሊመስላቸው የሚችል ሰው አይደሉም።

«የታለ፣ የታለ! ክፈቺ እስቲ!»

ዋሪሳ ለእናቷ አፏን ከፈተች። እናቲቱ አገጯን ይዘው ወደ ብርሃኑ አዞሯት፣ እንደ ወርቅ አገላብጠው አዩና ተነፈሱ።

«ዕንቁ! ዕንቁ ነው የሠሩት፣ ዶክተር። እጅዎ ይባረክ። አየሽ፣ እኔ ያኔ ባልመጣ ኖሮ?»

«አዎ፣ እማ» አለች ዋሪሳ። «አንቺ ባትመጪ ኖሮ አያልቅም ነበር።»

ወጡ። ፓኮርን በጉልበቱ እንዳለ ቀረ፤ ከውጭ የሚሰማው የወይዘሮ ሱዋኒ ደስታ አንድ በአንድ ይወጋው ነበር።

ሰርጉ ላይ አልገኝም ብሎ ነበር፤ ግን ቢቀር ከተማው ይጠይቃል። በማለዳ የተጠራበት አዳራሽ ሲደርስ የሙሽሮቹ ፎቶ በር ላይ ቆሟል። ሰዉ ሁሉ ፎቶው ፊት እየቆመ የሙሽራዋን ጥርስ ያደንቅ ነበር። ፓኮርን ዓይኑን ወደ ጫማው አድርጎ አለፈ።

ሙሽሮቹ ጎን ለጎን ተንበርክከዋል፤ ራሳቸው ላይ የታሰረው ነጭ የምርቃት ክር ሁለቱን አያይዟቸዋል። መዳፋቸውን አጋጥመው ወደ ፊት ዘርግተዋል። በአገሩ ወግ እንግዶች በዕድሜ ተሰልፈው፣ በባሕር ዛጎል ውሃ እየቀዱ በእጃቸው ላይ ያፈሳሉ፣ ይመርቃሉ፣ ያልፋሉ። ፓኮርን ከሰልፉ መጨረሻ ሊቆም ሲል ወይዘሮ ሱዋኒ ክንዱን ይዘው ወደ ፊት ጎተቱት።

«ይሄ ነው ሐኪሙ!» አሉ ለአዛውንቶቹ። «ይህን ፈገግታ የሠራው እሱ ነው። እባካችሁ አስቀድሙልኝ፤ ሥራ ይበዛበታል።»

ሽማግሌዎቹ እየሳቁ ቦታ ለቀቁለት። ዛጎሉን ሰጡት። መጀመሪያ በክሪት እጅ ላይ አፈሰሰ፤ ክሪት በደስታ ዓይኑን ጠቀሰው። ከዚያ ወደሷ ዞረ። ውሃው በጣቶቿ መካከል ወርዶ ከስር ባለው የአበባ ሳህን ውስጥ ገባ። ምርቃቱ አልወጣ አለው።

«ይናገሩ እንጂ፣ ዶክተር!» አሉ ወይዘሮ ሱዋኒ ከኋላው፤ ሰዉ ሳቀ።

«ተዋደዱ» አለ ፓኮርን። «አብራችሁ እርጁ።»

ለጥላቻዋ ራሱን አዘጋጅቶ ነበር የመጣው። ዓይኗን እንደምትነፍገው፣ ወይም እጇ ሲንቀጠቀጥ እንደሚያይ፣ ያን እድሜ ልኩን ይዞ እንደሚኖር ለራሱ ነግሮ ነበር። ግን ዛጎሉን አዛብቶ ስለያዘ ውሃው ወደ ራሱ ክንድ መውረድ ጀመረ። ዋሪሳ ይህን አይታ መዳፏን ትንሽ ወደ ጎን አዘነበለችለት።

«እጅጌዎ እንዳይረጥብ፣ ዶክተር» አለችው። «ስለመጡልን እናመሰግናለን።»

ፈገግም አለችለት። ከሱ በፊት ላለፉት ሽማግሌ የሰጠችው፣ ከኋላው ለቆመችው ሴትዮም የምትሰጠው ያው ፈገግታ ነበር፤ ሙሉ፣ የሚያምር፣ ውስጡ ምንም የሌለበት። ፓኮርን ዛጎሉን ለሚቀጥለው እንግዳ አስረከበና ከመድረኩ ወረደ። እሷ ብትጠላው ኖሮ አንድ ነገሯ ከሱ ጋር ይቀር ነበር። አሁን ግን በዚያ አዳራሽ ካለው ሰው ሁሉ ለዋሪሳ ምኗም ያልሆነው እሱ ነው፤ ይህንንም በራሱ ላይ ያመጣው ራሱ ነው።